«እኛ ሀበሻ ነን» ብዬ ልጄን ከቡድኑ ላስወጣው ነበር

ይህን ጽሑፍ ልጄ ቀድሞ አንብቦታል። ሁለት ቦታ ላይ «ይሄ ይውጣ» አለኝ፤ አወጣሁት። ስለ ቀረው «ይሁን አባዬ፣ ይነበብ» ብሎኛል። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ልጃችን ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ግን ሕይወቱን ሊያጠፋ ያስብ ነበር፤ እኔም አንድ ቤት እያደርን አላየሁትም። የሆነውን ሁሉ አልተርክም። የተሳሳትኩበትን ግን አልሸፍንም፤ ይህን ከምታነቡት ወላጆች መካከል ዛሬ እዚያው ስህተት ውስጥ ያለ ይኖራል ብዬ ስለምፈራ።

ልጄ እስከ 7 ዓመቱ ያደገው ጉለሌ፣ እናቴ ጋ ነው። እኛ ቀድመን መጥተን ወረቀታችንን ስናስተካክል እሷ ናት ያሳደገችው። እ.ኤ.አ. በ2021 እናቴ አረፈች። ልጁ ፈተና ላይ ነበርና «ይጨርስና እናረዳዋለን» ተባባልን። ፈተናው አለቀ፣ ክረምቱ ገባ፣ እኛ ግን አፋችንን መክፈት አቃተን። ከሦስት ወር በኋላ የአክስቱን ፌስቡክ ሲያይ የአያቱን ፎቶ ከሻማ ጋር አገኘው። ወደ ሳሎን መጥቶ ምንም አላለም። እኛም «ጠንካራ ልጅ ነው» አልን።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት እንቅልፉ በዛ፣ ኳስ ተወ፣ ምግብ ወደ ክፍሉ ይወስድና ሳይነካው ይመልሳል። ይህን ሁሉ ለስልኩ ሰጠሁት። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። አንድ ክረምት ሙሉ ሣር እያጨደ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛውን ስኒከር ጫማ፣ ሳጥኑ ሳይቀር፣ ለአጎቱ ልጅ ሰጠው። እኔም «ልጄ ደግ ሆነ» ብዬ ተደሰትኩ፤ ለሰውም አወራሁ። የሚወዱትን ዕቃ ማደል ራሱ አንድ የአደጋ ምልክት እንደሆነ የተማርኩት በኋላ ነው። ድንገት የመጣ ደግነት ካያችሁ አመስግኑት፣ ግን አጠገቡ ቁጭ በሉና «ምነው ልጄ?» በሉት።

ኅዳር 2022 ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ሳለ የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ደወለች። ለእንግሊዝኛ ክፍል በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ እሱ የሌለበትን ቤታችንን ገልጿል፤ እናቱ እንዴት እንደምታርፍ፣ እኔን እንዴት እንደሚቀልለኝ። በዚያው ምሽት ኢመርጀንሲ ነበርን። ሐኪሙ ለእኔ የሚናገረውን ልጄ ራሱ ይተረጉምልኝ ነበር። «ትንሽ ደክሞታል፣ ዕረፍት ያስፈልገዋል ይላሉ» አለኝ። እኔም ነቀነቅሁ። ከሰዓታት በኋላ አንዲት ነርስ በስልክ አስተርጓሚ አመጣች። ያቺ እህት በአማርኛ «ልጅዎ ራሱን ለማጥፋት አስቧል፤ እንዴት እንደሚያደርገውም ወስኗል እያሉ ነው» ስትለኝ ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጁ እኔን ሊያድን የራሱን ሕመም አሳንሶ ሲተረጉም ነበር ያመሸው። እባካችሁ ልጃችሁን ስለ ራሱ አስተርጓሚ አታድርጉት። በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ እንግሊዝኛችሁ ለሥራ የሚበቃ ቢሆንም እንኳ ጠይቁ። ለሥራ የሚበቃ ቋንቋ ለእንዲህ ያለ ሌሊት አይበቃም።

ሐኪሙ ሲመጣ ልጁን ፊት ለፊት «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ደነገጥሁ፤ ጥያቄው ራሱ ሟርት መሰለኝ። ልጄ ግን «አዎ» ለማለት አንድ ሰከንድ አልፈጀበትም። ሰው እንዲጠይቀው ሲጠብቅ የከረመ ይመስል ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን በልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፤ ጥናቶችም ይህንኑ ነው የሚያሳዩት። «አንድ ነገር ታስባለህ እንዴ?» እያላችሁ አትዙሩ፤ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ያልኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። «ምን ጎደለህ? እኛ በአንተ ዕድሜ ጫማ እንኳ አልነበረንም» አልኩት። ለዘመድ ሁሉ «ሆዱን አሞት ነው» ብለን ተናገርን። ገመና መሸፈን ለልጄ ማሰብ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን «አፍረውብኛል» ብሎ ነው የሰማው። የሐኪም ቀጠሮውንም ሰረዝኩና ጸበል ይዤው ሄድኩ። ያዳነኝ የንስሐ አባታችን ናቸው። ሁሉን ስነግራቸው እጄን ያዙና «ቀጠሮውን መልስ። ጸበሉንም ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ አንዱን በአንዱ አትከልክለው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ጸበል፣ ማክሰኞ ሐኪም ሆነ። የንስሐ አባት ወይም ሼህ ያላችሁ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ ይቆጡኛል ብዬ ነበር የምፈራው።

በጥር ካውንስለሯ አንድ የፈቃድ ወረቀት ላከች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ በትምህርት ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሰበሰብ ቡድን ነው፤ ለጥቁር ተማሪዎች ጭንቀትን መቋቋምና ራስን ከማጥፋት መጠበቅን የሚያስተምር። «ጥቁር» የሚለውን ቃል ሳይ ወረቀቱን አጠፍኩና የመኪናው ኪስ ውስጥ ጣልኩት። «እኛ ሀበሻ ነን፤ የእኛ ልጅ ችግር ከእነሱ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አልኩ። ከዚያም የከፋ ነገር ተናገርኩ፤ ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምንለውን። ባለቤቴ ወረቀቱን ፈልጋ አገኘችውና ፈረመች። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ «ጸጉሬን ላሳድግ ነው» ሲለኝ ቡድኑ እያበላሸብኝ ነው ብዬ ላስወጣው ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ቡድኑን የምትመራው ሶሻል ወርከር በዕድሜ ገፋ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ኮሪደር ላይ ቆመን ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልጅዎን ፖሊስ መንገድ ላይ ቢያስቆመው እጁን የት እንደሚያደርግ ነግረውታል?» አልነገርኩትም። «እኔ ልጆቼን ያስተማርኳቸው በ8 እና በ9 ዓመታቸው ነው። የእርስዎ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከእኔ ነው የተማረው። ፖሊሱ ሀበሻ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቀውም» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ በአንድ አገር እየኖረ እኔ በሌላ አገር ሆኜ እያሳደግሁት እንደነበረ የገባኝ እዚያ ነው። ላስወጣው ሄጄ ለሚቀጥለው ሳምንት መክሰስ አመጣለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ማንበብ ጀመርኩ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከ5 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ጥቁሮቹ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ከነጮቹ እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ከ1991 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ደግሞ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞከርን ያሉ ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ድርሻ 73 በመቶ ጨምሯል። በ2019 መጨረሻ ጥቁር የኮንግረስ አባላት ያቋቋሙት ግብረ ኃይል «የማንቂያውን ደወል ደውሉ» የሚል ስም ያለው ሪፖርት ለምክር ቤቱ አቅርቧል። እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ እዚያ ውስጥ የእኔ ልጅ ተቆጥሯል። በቅጹ ላይ የሚሞላለት «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ነው፤ «ሀበሻ» የሚል ሳጥን የለም።

እንዲህ ያለው የቡድን ትምህርት ከየት እንደመጣም አየሁ። ቺካጎ በሚገኘው ዲፖል ዩኒቨርሲቲ ላቮም ሮቢንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀድሞ የነበረ የጭንቀት መቋቋሚያ ትምህርት ወስደው ለጥቁር ወጣቶች እንዲስማማ አድርገው ሠርተውታል። 15 ክፍለ ጊዜ አለው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው፤ የሚሰጠውም እዚያው ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የልጄ ቡድንም የተሠራው በዚህ ዓይነት መንገድ ነበር። ልጁን ይዞ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር፣ ኢንሹራንስ መለመን፣ ከሥራ መቅረት አልነበረብንም። የምንኖረው በሰዓት ሥራ ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«እንዲስማማ ማድረግ» ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳኝ ልጄ ነው። ከዚያ በፊት ያየው ባለሙያ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል የሚለው ሐሳቡ የጭንቀት ውጤት ነው፣ እውነት አይደለም ብሎት ነበር። «ግን አባዬ፣ ሱቅ ስገባ ጥበቃው እውነትም ይከተለኛል» አለኝ። በቡድኑ ውስጥ ማንም «ይመስልሃል እንጂ» አላለውም። ነገሩን ለሁለት እንዲከፍለው አስተማሩት። ጥበቃው ተከተለኝ፤ ይህ እውነት ነው፣ ያማል፣ ጥፋቱም የእኔ አይደለም። ስለዚህ እኔ ዋጋ የለኝም፤ ይህ ውሸት ነው። የመጀመሪያውን እውነት የሚያምንለት ሰው ስላገኘ ሁለተኛውን ውሸት ለመጣል አቅም አገኘ። ትንፋሽ ማረጋጋት፣ ችግርን ከፋፍሎ ማየት፣ ማንን ልጥራ ብሎ ማሰብ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስብሰባው ሁልጊዜ የሚጀመረው በቁጥር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ጭንቀቱን ከ1 እስከ 10 ይጠራል፤ 10 የከፋው ነው። ማብራራት ግዴታ አይደለም። ይህን ወደ ቤት አመጣነው። እኛ ሀበሾች «ደህና ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት እናውቃለን፤ ልጆቻችንም «አይ አም ፋይን» ይላሉ፤ በዚያው ወሬው ይዘጋል። «ስንት ላይ ነህ?» ሲባል ግን ልጄ መዋሸት አልቻለም። ከዛሬ ጀምሮ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቁጥሩን ሲነግራችሁ አትከራከሩት። እኔ መጀመሪያ ላይ «ለምን 8? ምን ሆነህ?» እል ነበር፤ እሱም 3 ማለት ጀመረ።

በ12ኛው ሳምንት ወላጆች ተጠራን። በክብ የተደረደሩ ወንበሮች፣ ፒዛ፣ አሥር የሚሆኑ ልጆች። አንዲት ልጅ ስለ ወንድሟ መገደል ተናገረች። ከዚያ ልጄ ተነሳ። ወረቀት በእጁ ነበር፤ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። «ቤት ውስጥ እነሱን አትምሰል ይሉኛል። ውጭ ስወጣ እኔ እነሱ ነኝ። ክፍል ውስጥ ደግሞ አፍሪካዊ ብለው ይስቁብኛል። የማርፍበት ቦታ አያቴ ጋ ብቻ ነበር፤ እሷም ሳልቀብራት ሄደች» አለ። ያቺ ወንድሟ የሞተባት ልጅ ተነስታ አቀፈችው። «እነሱ» ስል የኖርኩት እሷን ነበር። ልጄን ያቀፈችው ከእኔ ቀድማ ነው።

ለሶሻል ወርከሯ «ምን ላድርግ?» ስላት «የእናንተ ሰዎች ሲያለቅሱ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። ልጄ እርሙን አላወጣም ነበር። እናቴ በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሳሎኑን ባዶ አድርገን ፎቶዋን አወጣን፤ ዘመድ ጠራን፤ ስለ እሱም እውነቱን ነገርናቸው። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቡና ተፈላ። አክስቱ «አንቺ ልጅሽን ጥለሽ» ብላ ስታወጣ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መርዶዋን ስለደበቅሁት፣ በመኪና ውስጥ ስላልኩት፣ ስለ ጓደኞቹም ስለተናገርኩት። አባቴ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አፌን ከበደኝ፤ ግን ይቻላል። መርዶ ለልጅ አትደብቁ። ቀስ ብላችሁ፣ አቅፋችሁ፣ ግን ንገሩት፤ ለቅሶውም ላይ ከትልልቆቹ ጋር አስቀምጡት።

ቡድኑ ብቻውን አልበቃም። ለብቻው የሚያየው ባለሙያ ቀጠለ፤ ለአንድ ዓመት ያህልም መድኃኒት ወስዷል፤ ያቆመውም በሐኪሙ ምክር ነው። በ2023 ክረምት ቡድኑ ተበትኖ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ክፉ ሌሊት መጣ። ያን ሌሊት ያለፍነው ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፍናት አንዲት ካርድ ነው። የደኅንነት ዕቅድ ይሏታል፤ ባርባራ ስታንሊ እና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ነው፤ የትኛውም ካውንስለር ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሊሞላው ይችላል። ክፉ ሐሳቡ ሲመጣ በምን እንደሚያውቀው፣ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚረሳ፣ ማንን እንደሚጠራ፣ የትኛውን ባለሙያ እንደሚያገኝ፣ ቤቱ እንዴት እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል ይጻፍበታል። በእሱ እጅ ጽሑፍ አራተኛው መስመር ላይ «ለአባዬ ደውል። ካላነሳ ድጋሚ ደውል» ይላል። ሁለት ጊዜ ደወለ። በሁለተኛው አነሳሁ።

ቤቱን መጠበቅ ሲባል በቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ሁሉ፣ የራስ ምታት ክኒን ሳይቀር፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። የጦር መሣሪያ ያላችሁ ከቤት ይውጣ፤ «ልጄ ቁልፉን አያውቅም» አትበሉ። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በዚያች ሰዓት እጁ ላይ የሚደርስ ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። የእኛ ሐኪም ይህን በመጀመሪያው ሌሊት ነግሮን ነበር፤ እኔ ግን ቁልፍ ያለው ሳጥን የገዛሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ እርዳታ በሚገኝበት የስልክ መስመር፣ 988 ላይ፣ ቀንም ሌሊትም ደውሉ፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሠራል። ስትደውሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ልጆቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቀናቸዋል። ለመደወል የግድ ልጁ መሆን የለበትም፤ እኔ ራሴ «ልጄን ምን ልበለው?» ብዬ ደውዬ አውቃለሁ። አደጋው አፋፍ ላይ ከሆነ 911 ጥሩና ልጁን ለደቂቃ ብቻውን አትተዉት። ለትምህርት ቤት ካውንስለርም ኢሜይል ጻፉ፤ ለጥቁር ተማሪዎች የተዘጋጀ ቡድን እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ ሌሎች ሁለት ሦስት ወላጆች ይዛችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ። የግል ባለሙያ ስትፈልጉ «ከጥቁር ወጣቶች ጋር ሠርተው ያውቃሉ? ከስደተኛ ቤተሰብ ጋርስ?» ማለት ነውር አይደለም። እኛ ሁለተኛውን ባለሙያ ያገኘነው እንዲያ ጠይቀን ነው። ወረቀቱ ከመጣላችሁ ደግሞ ፈርሙ። እኔን አትዩ።

ልጄ ጸጉሩን አሳድጓል፤ እናቱ እሑድ እሑድ ትሠራለታለች። ዘንድሮ አዲስ ለገቡ የ9ኛ ክፍል ልጆች ወንበሩን በክብ የሚደረድረው እሱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቴዝዳ አካባቢ ተሳፋሪ ላነሳ ስል ስልኬ ጮኸ፤ ለእሱ ብቻ የመደብኩት ድምፅ ነው። «7» ብሎ ጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም። አፑን አጠፋሁና ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳሁ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ከእናቱ ቋጠሮ የተረፈውን ፍርፍር በላን። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሊጨልም ሲል ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ «አሁን 5 ነኝ» አለኝ።